ጨው ቀማሿ

ገና ካለፈ ከረመ። ትልቁ ድስት ታጥቦ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ተመልሷል፣ የሽንኩርቱ ሽታ ከመጋረጃው ለቋል፣ ተርፎ የደረቀው ድፎ እንኳን ከሻይ ጋር አልቋል። አንድ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። በዋዜማው፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 28፣ የወጥ ማንኪያ ይዤ ወደ ልጄ ስጠጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አንድ እርምጃ ናት። እኔ ግን ሳህን ሳጥብም፣ ታክሲ ተሰልፌም፣ እሷኑ ሳብሰለስል እገኛለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከደብተሩ ልጀምር።

ሜኑ? ዶሮ ነዋ!

ጾሙ በገባ ሰሞን የልጄን ያለቀ የሂሳብ ደብተር ከጀርባው ገለበጥኩና «የገና ምግብ» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። ባለቤቴ ሲያልፍ አየና ሳቀ።

«ደግሞ የምን ሜኑ ነው? ዶሮ ነዋ!»

አልተሳሳተም። የበዓል ማዕዳችን እኛ ሳንወለድ የታቀደ ነው። ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ ከቅርጫው ጥብስና ክትፎ፣ አይብ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ። ዘንድሮ በዶሮ ፈንታ ላዛኛ ልሥራ የምትል ሴት ብትኖር የሚጣላት ባይኖር እንኳ የሚበላላት አታገኝም። (አንድ ዓመት ዘመናዊ ልሁን ብዬ የገና ኬክ ገዝቼ ነበር። ሁሉም «ቆንጆ ነው» እያለ አለፈው፤ ጥምቀት ሲደርስ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነበር።) ስለዚህ ለእኛ ቤት ሴት ማቀድ ማለት ምን ይበላ ማለት ሳይሆን ስንት፣ መቼ፣ ለማን ማለት ነው። ይህ ደግሞ ቀላል አይደለም።

በተለይ ዘንድሮ። የ2018 ገና የዋለው ረቡዕ ነው። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝታኝ በሹክሹክታ፣ ምስጢር እንደምትነግረኝ ሁሉ፣ «እኔ ምልሽ፣ ረቡዕ ነው እኮ፣ ይበላል?» አለችኝ። ይበላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕም ይዋሉ ዓርብ ይበላባቸዋል፤ የሚጾመው ዋዜማቸው ነው፣ ገሃዱ። የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ፋሲካ ቢሆን ሃምሳ ቀን ከፊታችሁ አለ፤ ድስቱ ቢተርፍም ረቡዕ ዓርብ ሳይባል ይበላል። ገና ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ረቡዕ በልተን፣ ሐሙስ በልተን፣ ዓርብ ተመልሰን ሽሮ ላይ ነን። ሁለት ዶሮ፣ ግማሽ መደብ ቅርጫ፣ አንድ የጠበበች ማቀዝቀዣ፣ እንደ ልቡ የሚጠፋ መብራት። ደብተሩ ላይ ገና መጀመሪያ የጻፍኩት «ዓርብ!» የሚል ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ።

ከዚያ አማቴ። ከደሴ መጥተው በዓሉን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ነው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ሐኪማቸውም ጨው እንዲቀንሱ አስጠንቅቋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብቃው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እሳቸው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር የማይስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። «ጨው የሌለው ወጥ ከምበላ ጾሙን ብቀጥል ይሻለኛል» ይላሉ። አልጫ ለብቻቸው ልሥራ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ሁሉም ዶሮ ወጥ ከቦ ተቀምጦ አንዲት እናት ለብቻቸው ነጭ ወጥ ፊታቸው ቢቀርብ፣ ያ ምግብ ሳይሆን የሕመም ማስረጃ ነው። ስለዚህ ድስቱ አንድ ሆኖ፣ ጨው ልክ ብቻ፣ ከልክ አንዲት ቁንጥር ሳያልፍ እንዲሆን ወሰንኩ። በጽሑፍ ሲታይ ያምራል።

ወደ ኋላ መቁጠር

የበዓል ሥራ የሚታቀደው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ቅዳሴ የሚያልቀው ሌሊት ነው፤ እንግዲህ ዶሮው ማታ መድረስ አለበት። ማታ እንዲደርስ ቁሌቱ ጠዋት ይጣዳል። ቁሌቱ ጠዋት እንዲጣድ ሽንኩርቱ ሰኞ ማታ ይከተፋል፤ 6 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ከእንባ ጋር። ቅቤው ከሳምንት በፊት በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በአብሽና በእርድ ይነጠራል፤ ግማሽ ኪሎ ለዶሮው ተለይቶ ይቀመጣል። እንቁላል 24፣ ምክንያቱም ዶሮዋ 12 ብልት ናትና ለያንዳንዱ ብልት አንድ እንቁላል፣ ሁለት ዶሮ። ሎሚ ለማጠቢያው። ኮባ ለድፎው። ጠላውን እኔ አልጠምቅም፤ አፓርታማ ውስጥ ጋን ለማስቀመጥ የሞከርኩበትን ዓመት ባለቤቴ እስካሁን ይተርተኛል። ሰፈር ካሉ አንዲት እናት ነው የምገዛው፣ ሁለት ጀሪካን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? አምና በዋዜማው መከለሻ አጥቼ ከሱቅ ሱቅ ስሮጥ የአንዱን ድስት ሥር አሳርሬዋለሁ። ዘንድሮ መከለሻው ሳይቀር ተለክቶ በላስቲክ ታስሮ ነበር። በርበሬ 3 ብርጭቆ። ሁሉም ነገር ከጎኑ ቁጥር አለው። አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነበር፦

ጨው ………

ቁጥር መጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰርዣለሁ። በርበሬው ከደብረ ብርሃን እናቴ የላከችልኝ ነው፤ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ስንት እንደገባበት የሚያውቀው ግን እጇ ብቻ ነው። ዶሮዋ በጨውና በሎሚ ስትታሽ፣ ስትዘፈዘፍ፣ ስድስት ሰባት ውኃ ስትለወጥ የምታስቀረው አለ። ቁሌቱም ሲወጣለት ውኃው ያልቃል ጨው ግን የትም አይሄድም። ይህን ሁሉ የሚደምረው ምላስ ነው። ምላሱ ግን ጾመኛ ነው።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣ፣ ክርስትና ሲኖር፣ በአዘቦት ቀን ዶሮ ስንሠራ ደጋግመን እየቀመስን ነው። ዶሮ ወጥ ከምንም በላይ የሚጠበቅባቸው ቀኖች ላይ ግን፣ ገና ላይና ፋሲካ ላይ፣ የምትሠራው ሴት ሳትቀምሰው ነው የምትሠራው። ቁሌቱን ቅቤ ሳይነካው፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ ትቀምሰው ይሆናል፤ ያኔ ግን ዶሮውም ቅቤውም የሉበት፣ ምኑን ታውቀዋለች? በማሽተት፣ በቀለም፣ በግምት ትሄዳለች። ወይም ልጅ ትጠራለች።

እኛ ቤት የምጠራው እኔ ነበርኩ።

ቀማሽ የነበርኩበት ዘመን

ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅ ሆኜ በዋዜማው የምድጃው ቤት ደፍ ላይ ኩርምት ብዬ እቀመጣለሁ፤ ለሙቀቱ ነው እላለሁ። ከሰዓት በኋላ እናቴ «ነይ እስቲ፣ ጨውን ቅመሽልኝ» ትለኛለች። መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች፤ እልሳለሁ። ቀጥሎ እንጀራ ጫፉን ነክራ፣ አንዳንዴም ከጉበቷ ቆርሳ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ዳኛ ጊዜ ወስጄ፣ «ትንሽ ይጨመር» ወይም «በቃ» እላለሁ። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «የኔ ልጅ እኮ ናት ጨው ቀማሿ» ስትል ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ መጾም ጀመርኩና ሥልጣኑ ወደ ታናሽ ወንድሜ ተላለፈ። ቀናሁ። እሱ ደግሞ ምን ብታቀምሰው «ይጣፍጣል!» ብቻ ነው የሚለው፤ ሙያው የለውም ብዬ ለአባቴ ሳይቀር ከስሼዋለሁ።

ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት ይህንኑ ሹመት ሰጠኋት። አራት ገና፣ አራት ፋሲካ ቀመሰች። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመት ጀምሮ እንደሚጾም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ «ቀጫጫ ናት፣ ትምህርት አለባት፣ ከርሞ ትጀምራለች» እያልኩ አሳለፍኩት። እኛ ስንጾም ለእሷ ጠዋት እንቁላልና ወተት ይቀርብላታል። እውነት ለመናገር ግን ጨው ቀማሽ ማጣትም አላማረኝም ነበር።

ማንኪያዋ

ማክሰኞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ዶሮው ገብቷል፣ ቅቤው ገብቷል፣ ዘይቱ ከላይ መንሳፈፍ ጀምሯል። ቤቱ በወጡ ሽታ ታፍኗል፤ አማቴ ከሳሎን «እግዚኦ! ይሄ ፈተና ነው» ይላሉ። ደብተሬን ገለጥኩ፤ ባዶዋ መስመር። ግማሽ ማንኪያ ጨው ጨመርኩና አማሰልኩ። ማንኪያዋን ሞላሁ፣ እፍ እፍ አልኩባት፣ ልጄን ጠራኋት።

መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ማንኪያውን ሳስጠጋላት ያቺን እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«አልቀምስም።»

«ለምን?»

«እየጾምኩ ነው።»

ሳቅኩ። መሳቄ አንዱ ጥፋቴ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከገብርኤል።»

የታኅሣሥ ገብርኤል፣ 19፣ ዘንድሮ እሑድ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት መምህራቸው ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ነግሯቸዋል፤ ስለ እሳቱ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስላለው፣ ልጆቹ ከዳንኤል ጋር ሆነው የንጉሡን ማዕድ አንበላም ስላሉት፣ አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ስጠንና ፊታችንን እይ ስላሉት። የኔዋ ቤት ገብታ ቀን መቁጠሪያው ላይ ቆጠረች። ከ19 እስከ 28፣ አሥር ቀን። ልክ መጣላት። ለማንም አልተናገረችም።

«ወተቱስ?» አልኳት።

መሬት መሬት አየች። የደረጃችን ድመት በጾም ወራት ለምን እንደወፈረች ያኔ ነው የገባኝ። እንቁላሉን ለጓደኛዋ ትሰጣት ነበር።

እዚህ ላይ አቅፌ ስሜያት ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ድስቱ ይፈላል፣ ቀኑ እየመሸ ነው፣ ራሴን ያዞረኛል፣ እኔ የማስበው ስለ ጨው ነው። «ማን ጹሚ አለሽ?» አልኳት። ቀጥዬ ደግሞ፣ «አሁን አንዴ ቅመሺ፣ ልጅ ነሽ፣ ምንም አይደለም።»

«አንቺ ለምን አትቀምሺም ታዲያ?»

«እኔማ እየጾምኩ ነው።»

«እኔም።»

ባለቤቴ ከሳሎን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። አማቴም ሳቁ። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ፤ ወጡ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ልጄ አልሳቀችም። የምትጠብቀው ቁጣ ስላልመጣ ይሁን ስለመጣ አላውቅም፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ወደ ክፍሏ ሄደች።

ማንኪያዋን ምን እንዳደርግ ግራ ገባኝ። ወደ ድስቱ መለስኳት።

«ቅመሽልኝ ካልኩሽ ሥራ ነው»

እናቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ልጄ አይደለም፤ አሁንም ስለ ጨው ነው። «እማዬ፣ እኔም ወንድሜም ሁላችንም መጾም ከጀመርን በኋላ ጨውን ማን ይቀምስልሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ በምን ታውቂው ነበር?»

«ድሮስ በምን አውቀው ነበር?»

አልገባኝም። እናቴ መሳቅ ጀመረች፣ ያ ሳል የሚቀላቅለው ሳቋ።

«ልጄ፣ ጨውን ከስድስት ዓመት ልጅ ማን ይጠይቃል? ስኳር ብጨምርበት ‹በቃ› ትይኝ ነበር እኮ። ‹ትንሽ ይጨመር› ስትይኝ ባዶ እጄን ድስቱ ላይ እበትን ነበር፣ የሰማሁሽ እንዲመስልሽ።»

«ለምን ትጠሪኝ ነበር ታዲያ?»

«ደፉ ላይ ተቀምጠሽ ምራቅሽን ስትውጪ እያየሁ ዝም ልበል? አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ሁሉ ሳይገድፍ በዚህ ቤት ድስት አይከፈትም ባይ ነው። ብይ ብልሽ ይቆጣል። ቅመሽልኝ ካልኩሽ ግን ሥራ ነው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳለ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙያ ነበረኝ ብዬ የኮራሁበት ነገር ጉርሻ ነበር። የወንድሜ «ይጣፍጣል!» ከኔ ፍርድ እኩል ዋጋ ነበረው ማለት ነው፤ እሱ እንዲያውም ነገሩ ሳይገባው አይቀርም።

ቆይቶ ነው ሌላው የመጣልኝ። እናቴ ለልጅ ለመስጠት ሥራ አስመሰለችው። እኔ ደግሞ ያን ይዤ መጣሁና ከልጄ የምር ጨው ፈለግኩ። የዘረጋሁት ማንኪያ መልኩ የእናቴ ነው፤ ውስጡ ግን የደብተሬ ባዶ መስመር ነው። ልጄ ደፍ ላይ ተቀምጣ ምራቋን አልዋጠችም። አሥር ቀን ቆጥራ፣ ወተቷን ለድመት ሰጥታ፣ ዘጠኙን ጨርሳ አሥረኛው ላይ ነበረች፤ በዚያ ላይ ነው ለሜኑ ብዬ ላስገድፋት የተነሳሁት። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። አፈርኩ።

ስለ ጨው ግን ጠየቅኳት፣ ድስቱ አይጠብቅማ። «በርበሬው ውስጥ ጠብሰቅ አድርጌበታለሁ» አለችኝ፤ ይህ እንግዲህ መለኪያ መሆኑ ነው። «ምን ጨመርሽ? ግማሽ ማንኪያ? ተይው በቃ። ሲያንስ ነው የሚሻለው፤ ጨው ይጨመራል እንጂ አይቀነስም።» ከዚያ ድሮ ድስት ስትከድን የምትለውን አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለጨው፦ «እንግዲህ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።»

ድስቱን ከደንኩ። እንቁላሎቹን ላጥኩ፣ ሰነጣጠቅኳቸው። ልጄ ክፍል ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፍም። ብዙም አላልኩ። ራት ምን እንድሠራላት ስጠይቃት ግን መልሷ ዝግጁ ነበር። «ጥራጥሬ» አለች። ምስር ክክ ወጥ ነበረን፤ አስቀድሜ ለእሷ ያሰብኩት ዱለት ቀረ።

ሌሊቱ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ልጄ ከአባቷ ትከሻ ላይ ነቃችና በራሷ እግር ደረጃውን ወጣች። አማቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ለሆድ ማለስለሻ ተልባ ጠጣን። ትሪው መጣ፣ ወጡ ወጣ፣ ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ እንቁላሉ ተደረደረ። እንደ ወጉ የመጀመሪያው ለእሳቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ጠቅልለው፣ ጥሩ አድርገው ጠቅልለው፣ ወደ ልጄ ዘረጉት።

«ጾመኛዋ ትቅደም» አሉ።

ሁላችንም አፏን አየን። እኔ ከሁሉ በላይ። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዓይኗን ጨፍና። ስትውጥ ወደኔ ዞረች።

«ጨው ያንሰዋል።»

«እሰይ! ለኔ ነዋ የተሠራው!» አሉ አማቴ፤ ጉርሻ እየጠቀለሉ እንኳን ቅሬታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ልጄ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ የጨው ዕቃውን ይዛ መጣችና በሁለት ጣቷ ቆንጥራ በኔ በኩል ባለው ወጥ ላይ ነሰነሰች፤ በአያቷ በኩል አልነካችም። ጣቷን ላሰች።

«አሁን በቃ» አለች።